ከ«ወፌ ቆመች» እስከ ምርኩዝ፦ ሳይድህ ስለቆመ ልጅ የተጀመረ ውይይት

ሰሞኑን በኢንተርኔቱ የወላጆች መድረካችን ላይ አንድ ክር (አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩ መልሶች) ተከፍቶ ብዙ ሰው ተረባርቦበታል። ጥያቄው ስለ አንድ ሕፃን ነበር። እየቆየ ግን ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ ሄደ፤ ከዚያም አያቶች ዘንድ ደረሰ። ክሩ ረጅም ስለሆነ ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ በተራ ልንገራችሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይ ዝም ብዬ አላልፍም። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ ጽሑፍ

ጸሐፊዋ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ናት። ወንድ ልጇ 13 ወር ሞልቶታል። በደንብ ይቀመጣል፤ ሶፋ ይዞ ይቆማል። ግን ድሆ አያውቅም። ከቦታ ቦታ የሚሄደው በቂጡ እየተንፏቀቀ ነው። ብቻውን አንድ እርምጃ አልተራመደም። የጎረቤቷ ልጅ ደግሞ በ10 ወሯ ቤቱን ታካልለዋለች። አማቷ፣ ሳይድህ የቆመ ልጅ ወገቡ አይጠናም ይሏታል። ባለቤቷ ዎከር (ሕፃን ተቀምጦበት በእግሩ እየገፋ የሚሄድበት ባለጎማ ወንበር) እንግዛለት ይላል። እሷ ሌሊት ሌሊት ስልኳ ላይ ስለ አእምሮ ችግር ምልክቶች ስታነብ ታድራለች። ልጁ ዘግይቷል ወይ? አለመዳሁ ይጎዳዋል ወይ? ዎከሩን ልግዛ ወይ? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

ከ1ኛው እስከ 8ኛው መልስ

1ኛው መልስ ምርቃት ነው። አንዲት እናት ልጇ በ15 ወሩ እንደተራመደና ዛሬ ኳስ ሜዳ ላይ የሚያቆመው እንደሌለ ጻፈች። 2ኛዋ ተቃራኒውን ይዛ መጣች። የእሷ ልጅ በ9 ወሩ ቆሞ ሄዷል፤ ስለዚህ 13 ወር ብዙ ነው አለች። ሁለቱም ከልብ ነው የጻፉት። ነገር ግን የአንድ ልጅ ታሪክ ለሌላው ልጅ መለኪያ አይሆንም። እንዲህ ያለው ንጽጽር እናትየውን ከማስጨነቅ በቀር አይፈይድም።

ክሩን መስመር ያስያዘችው 3ኛዋ ናት። የሕፃናት ክፍል ነርስ ነች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ያወጣውን የእንቅስቃሴ መለኪያ አመጣች። ጥናቱ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያደጉ ጤናማ ልጆችን የተከታተለ ነው። ልጆች ያለ ድጋፍ የሚቀመጡት ከ3.8 እስከ 9.2 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በእጅና በጉልበት መዳህ ከ5.2 እስከ 13.5 ወር ይመጣል። ያለ ድጋፍ መቆም ከ6.9 እስከ 16.9፣ ያለ ድጋፍ መራመድ ደግሞ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር። በ10 ወሯ የሄደችው የጎረቤት ልጅም፣ በ13 ወሩ ሶፋ የያዘው ልጅም እዚሁ ክልል ውስጥ ናቸው። ከተጠኑት ልጆች 4.3 በመቶው ጭራሽ በእጅና በጉልበት አልዳኹም። ቆመው ሄዱ፤ አለቀ።

ነርሷ በዚህ አላቆመችም። እናትየውን አራት ነገር ጠየቀቻት፦ ልጁ ቀኑ ደርሶ ነው የተወለደው? ፀሐይ ይሞቃል? እግሩ ወደ ውጭ ጎበጥ ይላል? ሁለቱንም እጅና ሁለቱንም እግር እኩል ይጠቀማል? እነዚህን ጥያቄዎች ልብ በሉልኝ። መልሳቸው የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው።

4ኛው ጸሐፊ ተቆጣ። የእኛ ልጆች በፈረንጅ ሰንጠረዥ ለምን ይለካሉ ሲል ነገሩን አከረረው። 5ኛው ያልተናነሰ ቁጡ ሆኖ ጋናና ኦማን ከመቼ ወዲህ ፈረንጅ አገር እንደሆኑ ጠየቀ፤ ሳያነቡ መጻፍ ነውር ነው ብሎም ጨመረበት። አስተባባሪው ገብቶ ሁለቱንም አበረዳቸው። እውነቱን ለመናገር 4ኛው ግማሽ እውነት ይዞ ነበር። የአስተዳደግ ልማድ ልጅ የሚቀመጥበትንና የሚራመድበትን ጊዜ ይቀይራል። አቀራረቡ ነው ያበላሸበት።

ያንን ግማሽ እውነት ያነሳችለት 6ኛዋ ናት፤ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ነኝ ብላለች። በእርጋታ ሦስት ምሳሌ አቀረበች። አንደኛው ኬንያ ነው። ተመራማሪው ቻርለስ ሱፐር በ1976 ባሳተመው ጥናት የኪፕሲጊስ ልጆች ከአሜሪካኖቹ አንድ ወር ያህል ቀድመው ይቀመጣሉ፣ ይራመዳሉ። እናቶቻቸው ሆን ብለው ያለማምዷቸዋል። መሬት ላይ ጉድጓድ ቢጤ አበጅተው፣ በጨርቅ ደግፈው ያስቀምጧቸዋል። የማያለማምዱትን መዳህን ግን አይቀድሙም። ሁለተኛው የፓራጓይ አቼ ሕዝብ ነው። ጫካ ውስጥ ሲኖሩ ልጅን መሬት ማስቀመጥ አደገኛ ስለሆነ እናት ተሸክማው ትውላለች፤ ልጆቹ የሚራመዱት ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ሲል ነው። ሦስተኛው ታጂኪስታን ነው። እዚያ ሕፃናት ጋሕቮራ በሚባል አልጋ ውስጥ ታስረው ረጅም ሰዓት ይተኛሉ። ዘግይተው ይጀምራሉ፤ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላቸው ግን ከሌላው ልጅ አያንሱም።

በእኔ እምነት ከክሩ ሁሉ ይህ መልስ ከፍ ያለ ቦታ ይገባዋል። ልጅ የሚራመድበት ቀን በተፈጥሮ ብቻ አይወሰንም፤ በማለማመድ ብቻም አይወሰንም። 4ኛው ጸሐፊ ራሱ ተመልሶ በ8ኛው መልስ አመሰገናት። 7ኛውን ዘልዬዋለሁ፤ ያገለገለ ጋሪ የሚሸጥ ሰው ነበር፣ አስተባባሪው አጠፋው።

ከ9ኛው እስከ 14ኛው፦ የዎከር ጠብ

9ኛዋ ከዱባይ የጻፈች እናት ናት። ሦስት ልጆቿን በዎከር አሳድጋለች፤ ሥራ ሲበዛባት ልጁን እዚያ አድርጋ ወጥ ትሠራለች። ከቶሮንቶ የጻፈው 10ኛው አባት፣ ካናዳ ውስጥ ባለጎማ ዎከር መሸጥ ከ2004 ጀምሮ ክልክል መሆኑን አስታወሰ። ምክንያቱ ደረጃ ነው። በዎከር ያለ ልጅ በአንዴ ብዙ ርቀት ይንሸራተታል፤ እናት ዘወር እስክትል ደረጃው አፋፍ ላይ ይደርሳል። የጋለ ምጣድና ትኩስ ሻይ ጋም ይደርሳል። የዱባይዋ እናት እንደ ሰነፍ እናት የተቆጠረች መስሏት ቃሏን አመረረች። 12ኛዋ ደገፈቻት፤ ሠራተኛ ለሌለበት ቤት ምክር መስጠት ቀላል ነው አለች። ይህች ሴት እውነቷን ነው። ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ሰው እጁ ሁለት ብቻ ነው።

13ኛው ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ነው። ማንንም ሳይወቅስ አሠራሩን አስረዳ። ዎከር ውስጥ ያለ ልጅ ክብደቱን ወንበሩ ይሸከምለታል። በእግር ጣቱ ነው የሚገፋው። ሚዛኑን ራሱ አይጠብቅም፤ ሲያጋድልም ራሱን የሚመልስበት ምክንያት የለውም። መራመድ ማለት ደግሞ ዋናው እሱ ነው፤ በአንድ እግር ላይ ሆኖ አለመውደቅ። ስለዚህ ዎከር መራመድን አያፋጥንም። እጅ ለሚያጥራት እናትም የሚሆን ነገር ነገራት። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ከባድ ሣጥን ወይም የማይንሸራተት በርጩማ አስጠግታ፣ ልጁ ተነስቶ የሚያነሳውን ነገር ከላዩ ታስቀምጥለት። ምድጃው አካባቢ እንዳይደርስ ደግሞ መንገዱን ትዝጋ። በባዶ እግሩ ቢሆን ይመረጣል፤ ጣቶቹ ወለሉን ይይዛሉ።

የመነሻዋ እናት በ14ኛው መልስ ተመለሰች። አራተኛ ፎቅ፣ የደረጃው በር ደግሞ አይዘጋም። ዎከሩን ትታዋለች። ከዚያ ለነርሷ ጥያቄዎች መልስ ሰጠች። ልጁ በ34ኛው ሳምንት ነው የተወለደው።

ከ15ኛው እስከ 19ኛው

ይህ ሲነገር የክሩ መንፈስ ተቀየረ። ነርሷ ወዲያው ሒሳቡን ሠራችላት። 40 ሳምንት ሊሞላው ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነው የተወለደው። ከ13 ወሩ ላይ ያንን ስትቀንሱ 11 ወር ተኩል ገደማ ይሆናል። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ እድገት ሁለት ዓመት እስኪሞላው የሚለካው በዚህ በተስተካከለው እድሜ ነው። 11 ወር ተኩል ሆኖት ሶፋ ይዞ የሚቆም ልጅ! እናትየዋ ወራት ሙሉ የተጨነቀችው ልጇን ከማይመስሉት ልጆች ጋር እያወዳደረች ነው። ከሆስፒታል ስትወጣ ይህን የነገራት ሰው እንዳልነበረ ጻፈች። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ማብራሪያ ነው።

16ኛው መልስ ስለ ፀሐይ ነው። ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ልጁ ተጠቅልሎ ቤት ይውላል፤ ፀሐይ የሚያየው በተዘጋ መስኮት ነው። ነርሷ እዚህ ላይ ጠንከር አለች። በመስታወት ያለፈ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ቆዳ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ አያደርግም። ቫይታሚን ዲ ያጣ ልጅ ሪኬትስ ይይዘዋል፤ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ መራመድ ይዘገያል። ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በ1997 ባሳተሙት የአዲስ አበባ ጥናት የሳንባ ምች ይዟቸው ከመጡ 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ውስጥ ግን 20 ብቻ። ጎንደር ያደጉ አንዲት እናት በ17ኛው ላይ፣ ድሮ አራስ ልጅ ቅቤ ተቀብቶ የጠዋት ፀሐይ ላይ ይሰጣ እንደነበር አስታወሱ። ፎቅ ቤት ስንገባ ደጃፉ አብሮን አልወጣም፤ ይህን የምጨምረው እኔ ነኝ። በረንዳ ላይ የሚወጣ ልጅ ማየት ብርቅ ሆኗል።

18ኛው ጸሐፊ አንቀልባን ከሰሰ። ልጅ ጀርባ ላይ ሲውል እግሩ ይሰንፋል፣ ዳሌውም ይጣመማል አለ። ፊዚዮቴራፒስቱ አረመው። አንቀልባ ላይ ያለ ልጅ እግሩ ግራና ቀኝ ተከፍቶ፣ ጉልበቱ ታጥፎ ነው የሚቀመጠው። ይህ ለዳሌ መገጣጠሚያ የሚስማማ አቀማመጥ ነው። የሚጎዳው እግርን አጣብቆና ዘርግቶ ጠፍሮ ማሰር ነው። ደግሞም እናት ስትራመድ፣ ስታጎነብስ፣ ልጁ አንገቱንና ወገቡን እያስተካከለ ይለማመዳል። ቀኑን ሙሉ ከመሬት ሳይወርድ መዋል ብቻ አይሁን እንጂ ነውር የለበትም።

19ኛዋ እግረ መንገዷን አንድ ነገር ጣል አደረገች። የ8 ወር ልጇ ግራኝ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁሉን የሚያነሳው በግራ እጁ ነው፣ ቀኙን አይሰጥም። በደስታ ነበር የጻፈችው። ነርሷና ፊዚዮቴራፒስቱ በተከታታይ መለሱላት፤ በጨዋነት፣ ግን ሳይሸፋፍኑ። ከ12 ወር በፊት አንድን እጅ ብቻ መጠቀም የግራኝነት ምልክት ተደርጎ አይወሰድም። ሌላኛው እጅ ድካም ሊኖረው ስለሚችል ሐኪም ይየው። ሴትየዋ ምላሽ አልሰጠችም። ሐኪም ዘንድ ወስዳው እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ከ20ኛው እስከ 24ኛው፦ መራመድ ከየት ይመጣል?

አንድ መሐንዲስ ነኝ ያለ አባት መሠረታዊውን ጥያቄ አነሳ። መራመድ አእምሮ ውስጥ ተጽፎ የሚወለድ ነው ወይስ የሚማሩት? ፊዚዮቴራፒስቱ ረጅም መልስ ጻፈ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ታሪኩን የጀመረው ከየል ዩኒቨርሲቲው አርኖልድ ጌዝል ነው። በ1929 ከባልደረባው ጋር ከሁለት ሴት መንትዮች አንደኛዋን ደረጃ መውጣት አለማመዱ። ሌላዋ ዘግይታ ጀምራ በአጭር ጊዜ ደረሰችባት። ጌዝል ከዚህ ተነስቶ ዋናው የአካል መብሰል ነው አለ። በ1930ዎቹ ደግሞ ሚርትል ማግሮ ኒው ዮርክ ላይ ጆኒና ጂሚ የሚባሉ መንትዮችን አጠናች። መራመድን በመሳሰሉት የሠለጠነው ጆኒ ብዙም አልቀደመም። በዋና፣ በመውጣትና ባለጎማ ጫማ አድርጎ በመንሸራተት ግን ጂሚን ጥሎት ሄደ። ስለዚህ ሁሉም እንቅስቃሴ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰው ሁሉ የሚደርስበት አለ፤ ካልተማሩት የማይመጣም አለ።

ከዚያ ወደ ተመራማሪዋ ኤስተር ቴለን ገባ። አራስ ልጅን ብብቱን ይዛችሁ እግሩን መሬት ብታስነኩት እርምጃ ይጀምራል። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ይህ ይጠፋል። ለዘመናት የተሰጠው ማብራሪያ አእምሮ እየበሰለ ሪፍሌክሱን (ሳያስቡት በራሱ የሚመጣውን እንቅስቃሴ) ይጫነዋል የሚል ነበር። ቴለንና ባልደረቦቿ በ1984 ሌላ ነገር አሳዩ። እርምጃው የጠፋባቸውን ሕፃናት ውኃ ውስጥ እስከ ደረታቸው ሲያቆሟቸው እርምጃው ተመለሰ። እርምጃው ገና ያልጠፋባቸው ሕፃናት እግር ላይ ትንሽ ክብደት ሲያስሩ ደግሞ ቀነሰ። ለካ እግሩ በስብ ወፍሮ ከጡንቻው አቅም በላይ ከብዶ ነው! አእምሮ ብቻውን አያዝም። ክብደት፣ ጡንቻ፣ ወለሉ፣ ልጁ የፈለገው ነገር፣ ሁሉም አብረው ይወስናሉ።

መሐንዲሱ በጣም ተደሰተ። 22ኛው ግን ነገሩ ስለረዘመበት ይህ ሁሉ ለእናትየዋ ምን ይሠራል ብሎ ተነጫነጨ። እኔ የጻፍኩት 23ኛው መልስ ለእሱ ነው። ይሠራል። ልጁ የሚያስፈልገው ወለል፣ ጊዜና ምክንያት እንደሆነ ከዚህ ታውቃለች። ካረን አዶልፍና ባልደረቦቿ በ2012 እንዳሳተሙት፣ ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ሕፃናት በነፃነት ሲጫወቱ በአማካይ በአንድ ሰዓት 2,368 እርምጃ ይራመዳሉ፣ 17 ጊዜ ይወድቃሉ። «ወፌ ቆመች» እያልን የምናጨበጭብለት ልጅ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወድቅ አስቡት። በወደቀ ቁጥር ብድግ እያደረግን የምናቅፈው ከሆነ ይህን ሁሉ ልምምድ እንቀማዋለን። 24ኛዋ እናት፣ አማቷ ልጁ መሬት ሲወርድ አይተው እንደሚያለቅሱ ጻፈች። እሳቸውን አልወቅስም፤ ፍቅር ነው። ግን ሊነገራቸው ይገባል።

ከ25ኛው እስከ 29ኛው፦ ሜዳው የት ሄደ?

ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር በ25ኛው መልስ ውይይቱን ወደ ትምህርት ቤት ወሰዱት። ሰው ከተራመደ በኋላ አድጎ ጨርሷል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው አሉ። ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ መሮጥ፣ መዝለል፣ መወርወር፣ መቅለብ፣ በአንድ እግር ማንከስ መሠረታቸው ይጣላል። እነዚህ በራሳቸው አይበስሉም። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መዝለልን ያስተምራል። ብይና ጠጠር ዓይንና ጣትን ያስማማሉ። አባሮሽ ላይ ልጅ በሩጫ መሃል አቅጣጫ መቀየር ይለምዳል። አሁን ልጁ ከክፍል ወደ ሰርቪስ፣ ከሰርቪስ ወደ ስልክ ነው። መወርወር ያልለመደ የ12 ዓመት ልጅ ኳስ ሲመጣበት ይሸሻል፤ ይስቁበታል፤ ከዚያ ከስፖርት ጋር ይለያያል።

26ኛው ኃይሌ ገብረሥላሴን አነሳ። አሰላ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይሄድ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ የነበረ ልጅ፣ ደብተር የያዘበት ክንዱ ሲሮጥ እስከመጨረሻው ታጥፎ ቀረ። 27ኛዋ አልወደደችውም። ያን ያህል መንገድ በባዶ ሆዱ የሄደ ልጅ ሁሉ ኃይሌ አልሆነም፤ ድህነትን አናሳምረው አለች። መምህሩ ተስማሙላት። የሚሉት ስለ ሻምፒዮን አይደለም። ሰፈር ውስጥ ልጅ የሚዘልበት አንድ ባዶ ቦታ ይኑር ነው። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

የሰፈር ቡድን የሚያሠለጥን ወጣት ሌላ ጥያቄ አመጣ። ጎበዝ የነበረ የ13 ዓመት ልጅ በድንገት ኳስ ይጠፋበታል፣ ይደናቀፋል። ሰነፈ ወይ? አልሰነፈም አሉት መምህሩ። ቁመት በፍጥነት የሚረዝመው ሴቶች ላይ 12 ዓመት፣ ወንዶች ላይ 14 ዓመት ገደማ ነው። እግሩ ረዝሟል፣ አእምሮው ገና አዲሱን ርዝመት እየለመደ ነው። አትቀይረው፣ አትሳደብበት፣ ጊዜ ስጠው።

ከ30ኛው እስከ 37ኛው፦ እናቴን አትነሽ ስንላት

30ኛው መልስ ከሜሪላንድ ነው። ጸሐፊው እናቱን ከኢትዮጵያ ካመጣቸው አራት ዓመት ሆኖታል። 74 ዓመታቸው ነው። አገር ቤት ገበያ ይሄዱ፣ ቡና ያፈሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ያስቀድሱ ነበር። እዚህ ልጆቹ በፍቅር ሁሉን ከለከሏቸው። ውኃ ይቀርብላቸዋል፣ ምግብ ሶፋው ድረስ ይመጣል። አንዴ መታጠቢያ ቤት ከወደቁ በኋላማ ጭራሽ አትነሺ ተባሉ። አሁን ያለ ሰው እጅ ከሶፋው መነሳት አይችሉም። ስለ ሕፃናት በሚወራበት ክር ስለ እናቱ በመጻፉ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ የሚያስጠይቅ አልነበረም። እኔ ክሩን እስከመጨረሻው የተከታተልኩት ለዚህ መልስ ስል ነው ማለት እችላለሁ።

31ኛዋ ተቆጣች። እናት ልጆቿን ካሳደገች በኋላ ማረፍ መብቷ ነው፤ ሽማግሌን ስፖርት ሥሪ ማለት የፈረንጅ ክፋት ነው አለች። 32ኛው ከእሷ ብሶ መለሰ። ማረፍ ያልሽው ጡንቻቸውን እያሟሟ ነው፣ ክብር መስሎሽ አልጋ ላይ እየጣልሻቸው ነው ብሎ ጻፈ። ቃሉ ከረረ፤ አስተባባሪው ግማሹን ቆረጠበት።

ፊዚዮቴራፒስቱ ሲገባ ነገሩ ረገበ። የጡንቻ ጉልበት ከ30ዎቹ ዕድሜ በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ካልተጠቀሙበት ደግሞ በፍጥነት ይሄዳል። የሚመለስ መሆኑን ግን ሰው አያውቅም። ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ በ1990 ያሳተሙትን ነገረን። በአማካይ 90 ዓመት የሆናቸው፣ አረጋውያን ማቆያ ውስጥ የሚኖሩ 10 ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት የማንሳት ልምምድ ሠሩ። የጨረሱት 9ኙ የእግር ጉልበታቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በ90 ዓመታቸው! የዓለም ጤና ድርጅትም 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን የሚዛንና የጉልበት እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። በመውደቅ ብቻ በዓለም ላይ በዓመት 684,000 ሰው እንደሚሞት የሚገልጸውም ይኸው ድርጅት ነው።

34ኛዋ ጸሐፊ ነገሩን ወደ ቤታችን አመጣችው። ሽማግሌዎቻችን የሚለማመዱበት ነገር ሞልቶ ነበር አለች። በዐቢይ ጾም ስግደት፤ መውደቅ፣ መነሳት፣ እንደገና መውደቅ። 35ኛው ሙስሊም አንባቢ ነው፤ የሰላት ሩኩዕና ሱጁድን አስታወሰ፣ አያቱ በየቀኑ አምስት ጊዜ መሬት ደርሰው ይነሱ እንደነበር ጻፈ። ሌላዋ ደግሞ የቡና በርጩማን አነሳች። ዝቅ ብሎ መቀመጥና ያለ እጅ መነሳት ቀኑን ሙሉ ነበር። በሠርግ ላይ እስክስታ የሚወርዱ አያት ደግሞ ማን አላየም? ሶፋው ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀስ ብሎ ቀረ። እምነት የሚፈጸመው ለጤና ሲባል አይደለም። አካል ግን ከእሱ የሚጠቀመው ነገር ነበረው።

የሜሪላንዱ ልጅ ምን ልጀምር ብሎ ጠየቀ። መልሱ ግልጽ ነበር። መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው፤ መውደቃቸው ከመድኃኒት፣ ከዓይን ወይም ከደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከፍ ካለ ጠንካራ ወንበር ላይ መነሳትና መቀመጥ፣ ሰው አጠገባቸው ሆኖ። ሲበረቱ ወንበሩን ዝቅ ማድረግ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዘው በአንድ እግር መቆም። ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ማስገባት፣ የሚያንሸራትተውን ምንጣፍ ማንሳት። ደግሞ ሥራ ይስጧቸው አለች ነርሷ። ቡናውን እሳቸው ያፍሉ። 31ኛዋ ጸሐፊ ተመልሳ፣ ቡና ማፍላቱንስ እስማማለሁ አለች።

ከ38ኛው እስከ 41ኛው

ክሩ ያለቀ ሲመስል አንድ አባት ገባ። ሴት ልጁ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለባት። ተደግፋ መቆም የጀመረችው ዘንድሮ ነው። ስለ ወራትና ስለ ክልል የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ፣ ልጁ በዚህ ክር ውስጥ የት እንዳለች ጠየቀ። ምሬት አልነበረበትም። እኔ ግን አፈርኩ፤ ሌሎቹም ያፈሩ ይመስለኛል። ለረጅም ሰዓት ማንም አልጻፈም።

የመለሰው ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። የሰንጠረዡ ወራት የተለኩት በጤናማ ልጆች ላይ ስለሆነ ለእሷ አልተሠሩም። እንደ እሷ ላሉ ልጆች በ1997 ሮበርት ፓሊሳኖና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ ያወጡት ባለአምስት ደረጃ መለያ አለ። ያለ ድጋፍ ከሚራመድ ልጅ ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር ሰው እየገፋው እስከሚንቀሳቀስ ልጅ ይደርሳል። ልጅን ከራሷ ጋር ለማነጻጸር፣ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚያስፈልጋት ለማወቅ ነው የሚጠቅመው። ከዚያ አባትየውን መልሶ ጠየቀው። ልጅቷ ራሷ መሄድ የምትፈልገው የት ነው? ተሽከርካሪ ወንበር ብትጠቀም መራመድ ትተዋለች ብሎ ፈርቶ ከሆነ ይህን ፍርሃት ይተወው። በወንበር ሮጣ ጓደኞቿ ጋ የደረሰች ልጅ የምትጫወትበት ጉልበት ይተርፋታል። መቆሙን ደግሞ በየቀኑ ቤት ውስጥ መቀጠል ትችላለች።

አባትየው በ40ኛው መልስ፣ ልጁ መሄድ የምትፈልገው ግቢው በር ላይ ካለችው ሱቅ እንደሆነ ጻፈ፤ ማስቲካ ራሷ መግዛት ትፈልጋለች። የመነሻዋ እናት ከዚህ በታች ሦስት ነገር ጠየቀችው፦ ሱቁ ስንት ደረጃ አለው፣ ወንበር አላት ወይ፣ የሚኖሩትስ የት ሰፈር ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ሰዎች አንዱ ብየዳ ስለሚችል፣ ሰፈራቸው ቅርብ ከሆነ ለደረጃው ተዳፋት መወጣጫ ሊሠራላቸው ፈቃደኛ ነው። ክሩ ገና አልተዘጋም። ሁለቱ አሁን ስለ መወጣጫው ስፋት እየተጻጻፉ ናቸው።